ኤሚ ጆንሰን፦ ከለንደን እስከ ዳርዊን ብቻዋን የበረረች አብራሪ

እንግሊዛዊቷ ኤሚ ጆንሰን ከብሪታንያ እስከ አውስትራሊያ ብቻዋን በመብረር የመጀመሪያዋ ሴት ናት። እ.ኤ.አ. በ1930 ያደረገችው በረራ 18 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት የሸፈነ ሲሆን፣ 19 ቀናት ተኩል ፈጅቷል። በዘመኑ ይኸው ጉዞ በመርከብ ከአንድ ወር በላይ ይወስድ ነበር።

ኤሚ እ.ኤ.አ. ጁላይ 1 ቀን 1903 ሐል በተባለችው የወደብ ከተማ ከዓሣ ነጋዴ ቤተሰብ ተወለደች። በሼፊልድ ዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚክስ አጥንታ በዲግሪ ከተመረቀች በኋላ፣ ለንደን ውስጥ በአንድ የሕግ ባለሙያ ቢሮ በጸሐፊነት ተቀጠረች። ከሥራ ሰዓት ውጪ በለንደን የአውሮፕላን ክለብ በረራ ተምራ በ1929 የአብራሪነት ፈቃድ አገኘች። በዚያው ዓመት በአውሮፕላን ጥገና የባለሙያነት ፈቃድ ያገኘች የመጀመሪያዋ ብሪታንያዊት ለመሆንም በቃች።

በአባቷና በነዳጅ ዘይት ነጋዴው ሎርድ ዌክፊልድ ድጋፍ የተገዛችው አውሮፕላን አሮጌ ጂፕሲ ሞዝ ነበረች። ከእንጨትና ከጨርቅ የተሠራች፣ የአብራሪዋ መቀመጫ ክዳን የሌለው፣ ፍጥነቷም በሰዓት ከ150 ኪሎ ሜትር በታች የሆነች ነበረች። ኤሚ ጄሰን ብላ ሰየመቻት።

ሜይ 5 ቀን 1930 ከለንደን ክሮይደን የአውሮፕላን ማረፊያ ተነሣች። ዓላማዋ አውስትራሊያዊው በርት ሂንክለር በ1928 ያስመዘገበውን የ15 ቀናት ተኩል ክብረ ወሰን ማሻሻል ነበር። ባግዳድ ከመድረሷ በፊት የአሸዋ ማዕበል በረሃ ላይ እንድታርፍ አስገደዳት። ያም ሆኖ በስድስተኛው ቀን ካራቺ ስትደርስ ከሂንክለር በሁለት ቀናት ቀድማ ነበር።

ይሁን እንጂ ራንጉን አቅራቢያ በሚገኝ የስፖርት ሜዳ ስታርፍ አውሮፕላኗ ቦይ ውስጥ ገብታ ክንፏ ተጎዳ። በአካባቢው የቴክኒክ ትምህርት ተቋም እርዳታ ተጠግና ጉዞዋን ብትቀጥልም፣ ክብረ ወሰኑ አመለጣት። በመጨረሻም 800 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሰፋውን የቲሞር ባሕር ተሻግራ ሜይ 24 ዳርዊን አረፈች። የብሪታንያ መንግሥትም የክብር ኒሻን ሸለማት።

ከዚያ በኋላ በ1931 ከረዳት አብራሪ ጋር ወደ ቶኪዮ፣ በ1932 ደግሞ ብቻዋን ወደ ኬፕታውን በረረች።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት አውሮፕላኖችን ወደ ጦር ሰፈሮች የሚያደርስ ረዳት አገልግሎት ባልደረባ ሆነች። ጃንዋሪ 5 ቀን 1941 በመጥፎ አየር ከመስመሯ ወጥታ በዣንጥላ ስትዘል የቴምዝ ወንዝ ባሕር የሚገባበት ውሃ ላይ ወደቀች። ሊያድናት ወደ ውሃው የገባው የመርከብ አዛዥ ዋልተር ፍሌቸርም ሕይወቱን አጣ። አስከሬኗ አልተገኘም።

በ2018 የአውስትራሊያዋን ፐርዝ ከለንደን ጋር ያለማረፊያ ያገናኘ መደበኛ በረራ ተጀምሯል። 14 ሺህ 500 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነው ይህ በረራ 17 ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ጄሰን ዛሬ በለንደን የሳይንስ ሙዚየም ትገኛለች።