ጌዮርግ ኦም፤ የቁልፍ ሠሪው ልጅ

ነፋስ ስልክ የሚለው ስም ያለ ሽቦ በአየር ላይ የሚላከውን መልእክት የሚያስታውስ ነው። ይሁን እንጂ በዚያው ሰፈር ሰው ሁሉ የኤሌክትሪክ ምጣዱን በአንድ ጊዜ ሲጥድ፥ አምፖሉን የሚያደበዝዘው ሽቦ ነው። የሽቦን ጠባይ በልክ ያስረዳንን ሰው፥ የጌዮርግ ሲሞን ኦምን ሕይወት ባጭሩ ለማቅረብ ያሰብነው ስለዚህ ነው።

ኦም በ1789 ዓ/ም (እ.ኤ.አ.) በጀርመን አገር በኤርላንገን ከተማ ተወለደ። አባቱ ቁልፍ ሠሪ ነበር፤ ትምህርቱን በራሱ ጥረት ያገኘ ሰው ስለ ነበረ፥ ለልጆቹ ራሱ ሒሳብ አስተማራቸው። ጌዮርግ በ1805 ዩኒቨርሲቲ ገባ። ዳሩ ግን ጊዜውን በዳንስ፥ በቢልያርዶና በበረዶ ላይ መንሸራተት ስላሳለፈው አባቱ ተቆጥቶ አስወጣው። ይህን ስናነብ ከመካከላችን ያልደነገጠ አይኖርም። ወጣቱም ወደ ስዊስ አገር ሄዶ ሒሳብ ሲያስተምር ቈየ፤ በ1811 ተመልሶ የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበለ።

በ1817 በኮሎኝ ከተማ አስተማሪ ሆኖ ሲቀጠር የፊዚክስ መሣሪያዎች አገኘ፤ ከአባቱ የወረሰው የእጅ ሙያም ጠቀመው። ርዝመታቸው ልዩ ልዩ በሆነ ሽቦዎች ኤሌክትሪክ እያሳለፈ ለካ። በ1825 ያወጣው የመጀመሪያው ቀመር ግን ስሕተት ነበር፤ ምክንያቱም የተጠቀመበት ባትሪ ኃይሉ እየደከመ ይሄድ ነበር። ኦም አላፈረም። ቢስሙትና መዳብ አጋጥሞ፥ አንዱን መጋጠሚያ በፈላ ውሃ፥ ሌላውን በበረዶ አድርጎ የማይዋዥቅ ኃይል አገኘ። በ1826ም ትክክለኛውን ሕግ ደረሰበት።

ሕጉ ቀላል ነው። ቮልቱን ለአምፔሩ ብናካፍል የመቋቋሙ መጠን ይገኛል። በ220 ቮልት 11 አምፔር የሚወስድ ምጣድ ቢኖረን፥ መቋቋሙ 20 ኦም ነው። ሁለቱን ብናባዛቸው ደግሞ የሚበላው ኃይል 2420 ዋት መሆኑን እናውቃለን፤ ይህ ሁለተኛው ስሌት ከኦም በኋላ በእነ ጄምስ ጁል ድካም የተብራራ ነው። ከምሰሶ የሚመጣውም ሽቦ የራሱ መቋቋም አለው፤ ስለዚህ ምጣዱ ሲበዛ አምፔሩ ይበዛል፥ ከቮልቱም ከፊሉ በመንገድ ይቀራል፥ አምፖሉም ይደበዝዛል።

ኦም በ1827 መጽሐፉን በበርሊን ቢያሳትም፥ ከሊቃውንቱ መካከል ተፈጥሮን በሒሳብ መመርመርን የሚንቁ ስለ ነበሩ በብርድ ተቀበሉት። የተመኘውን የዩኒቨርሲቲ ወንበር ሳያገኝ ብዙ ዓመት በችግር ኖረ። በ1841 የለንደን ሮያል ሶሳይቲ የኮፕሊን ሜዳይ ሸለመው። በሙኒክ ፕሮፌሰር የሆነው በ1852 ሲሆን፥ ሁለት ዓመት ብቻ ቈይቶ በ1854 ዐረፈ። በ1881 በፓሪስ የተሰበሰቡ ሊቃውንት የመቋቋምን መለኪያ በስሙ ጠሩት።

ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፥ ከኦም ሕይወት ልባችንን የነካው ክብሩ አይደለም፤ ራሱ አሳትሞት የነበረውን ስሕተት ራሱ ማረሙ ነው። እንግዲህ ዛሬ ማታ አምፖሉ ሲደበዝዝ፥ ከማጉረምረማችን በፊት የተጣዱትን ምጣዶች እንቍጠር።