ዊልያም ሲሊ ጎሴት፦ ሁለት ቡድኖችን የማነጻጸር ጥበብና ጥንቃቄ

ሁለት የተማሪ ቡድኖች አንድ ዐይነት ፈተና ሲፈተኑ፣ ተመራማሪው በቅድሚያ የሚያሰላው የየቡድኑን አማካይ ውጤት ነው። አንደኛው ቡድን በጥቂት ነጥብ በልጦ ከተገኘ፣ ያ ቡድን የተማረበት ዘዴ የተሻለ ነው ብሎ መደምደም ቀላል ነው። ይሁን እንጂ ከድምዳሜው በፊት ሦስት ጥያቄዎች መመለስ አለባቸው። በየቡድኑ ውስጥ ያሉት ውጤቶች ከአማካያቸው ምን ያህል ይርቃሉ? የተፈተኑት ስንት ናቸው? ቡድኖቹስ የተዋቀሩት በምን መንገድ ነው? እነዚህን ጥያቄዎች ዕድሜውን ሙሉ ከተከታተሉት ሰዎች አንዱ፣ በዩኒቨርሲቲ መምህርነት ሳይሆን በቢራ ጠማቂነት የኖረው እንግሊዛዊው ዊልያም ሲሊ ጎሴት ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ ሕይወቱን ከእነዚህ ጥያቄዎች አንጻር ይቃኛል።

ጎሴት እ.ኤ.አ. ጁን 13 ቀን 1876 በእንግሊዝ አገር በካንተርበሪ ከተማ ተወለደ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) አባቱ የጦር ሠራዊት መሐንዲስ መኮንን ነበር፤ ልጁም የአባቱን ፈለግ ለመከተል ቢመኝ የዐይኑ ድካም አገደው። በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ በኒው ኮሌጅ ሒሳብና ኬሚስትሪ ተምሮ በሁለቱም በከፍተኛ ማዕርግ ካለፈ በኋላ፣ በ1899 በአየርላንድ ደብሊን በሚገኘው የጊነስ ቢራ ፋብሪካ ተቀጠረ። ፋብሪካው በዚያን ጊዜ ከዩኒቨርሲቲ የወጡ ወጣት የሳይንስ ምሩቃንን በጠማቂነት ይቀጥር ነበር።

የጎሴት ስታቲስቲክስ የተወለደው ከዚሁ ሥራ ነው። የትኛው የገብስ ዝርያ የተሻለ ምርትና ብቅል እንደሚሰጥ ለማወቅ በየማሳው ሙከራ ይደረጋል፤ ማሳዎቹ ግን ጥቂት ናቸው፤ አፈሩና ዝናቡም ከቦታ ቦታ ይለያያል። የዘመኑ የስታቲስቲክስ ስሌት በአንጻሩ በመቶዎችና በሺዎች ለሚቆጠሩ ልኬቶች የተዘጋጀ ነበር። ናሙናው ትልቅ ሲሆን፣ ከእርሱ የሚሰላው መደበኛ ልይይት፣ ማለትም ልኬቶቹ ከአማካያቸው የሚርቁበት መጠን፣ ከእውነተኛው ጋር በእጅጉ ይቀራረባል። ናሙናው አራት ወይም አምስት ብቻ ሲሆን ግን ልይይቱ ራሱ በአጋጣሚ ከፍና ዝቅ ይላል። በትልቅ ናሙና ቀመር በትንሽ ናሙና ላይ የሚፈርድ ሰው ያለ በቂ ምክንያት እርግጠኛ ይሆናል።

ጎሴት ይህን ችግር ይዞ በ1905 ከታዋቂው የስታቲስቲክስ ሊቅ ከካርል ፒርሰን ጋር ተገናኘ፤ ከ1906 እስከ 1907 ባለው የትምህርት ዘመንም በለንደን በፒርሰን ቤተ ሙከራ ሠራ። የጥናቱ ፍሬ በ1908 ባዮሜትሪካ በተባለው መጽሔት ታተመ። ግኝቱን በሒሳብ ብቻ አላስረዳም። የ3000 ወንጀለኞችን የቁመትና የመካከለኛ ጣት ልኬት በካርዶች ላይ አስፍሮ ካርዶቹን አደበላለቀ፤ ከዚያም አራት አራት እያደረገ 750 ትንንሽ ናሙናዎችን አወጣ። ከእነዚህ ናሙናዎች ያሰላው ውጤት በሒሳብ ከደረሰበት ሥርጭት ጋር መግጠም አለመግጠሙን በዚህ መንገድ ፈተነ። ፋብሪካው ሠራተኞቹ በራሳቸው ስም ምርምር እንዲያሳትሙ አይፈቅድም ነበርና፣ ጎሴት የመረጠው የብዕር ስም ስቱደንት፣ ማለትም ተማሪ፣ የሚል ነው። ዛሬ ከሁለት ቡድኖች ንጽጽር ጋር የማይነጠለው የስቱደንት ቲ ፈተና ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው።

በዚያው ጽሑፍ ውስጥ ያለ አንድ ምሳሌ ለጀማሪ ተመራማሪ ጥሩ ትምህርት ይሰጣል። ዐሥር ሕሙማን ሁለት የእንቅልፍ መድኃኒቶችን በየተራ ወስደው፣ ከወትሮው በላይ የተኙት ሰዓት ተለክቷል። በአንደኛው መድኃኒት የተገኘው አማካይ ጭማሪ 0.75 ሰዓት፣ በሁለተኛው ደግሞ 2.33 ሰዓት ነው። የአማካዮቹ ልዩነት 1.58 ሰዓት ይሆናል። ነገር ግን በአንደኛው መድኃኒት አንዱ ሕመምተኛ ከወትሮው 1.6 ሰዓት ያነሰ ሲተኛ ሌላው 3.7 ሰዓት ጨምሮ ተኝቷል፤ የሁለቱ መድኃኒቶች መደበኛ ልይይትም በቅደም ተከተል 1.70 እና 1.90 ነው። ሕሙማኑ ሁለት የተለያዩ ቡድኖች ቢሆኑ ኖሮ፣ እንዲህ ባለ መራራቅ መካከል የ1.58 ሰዓት ልዩነት አሳማኝነቱ በቀነሰ ነበር። ጎሴት ግን የእያንዳንዱን ሕመምተኛ ሁለት ውጤቶች እርስ በርስ አቀናነሰ። የልዩነቶቹ መደበኛ ልይይት ወደ 1.17 ዝቅ አለ፤ ከዐሥሩ ዘጠኙ በሁለተኛው መድኃኒት የበለጠ ተኝተዋል፤ የቀረው አንድ ሰው በሁለቱም እኩል ነው። ሰውን ከራሱ ጋር ማነጻጸር ከሰው ወደ ሰው ያለውን ልዩነት ስለሚያስወግድ ፍርዱ ጠነከረ።

ይህ ሥራ ወዲያው ሰፊ ተቀባይነት አላገኘም። ዋጋውን በሚገባ የተረዳው ወጣቱ ሮናልድ ፊሸር ነበር፤ በሒሳብ አጽንቶ በ1925 ባሳተመው መጽሐፍ ለተመራማሪዎች ሁሉ አዳረሰው። ጎሴት በዚህ ሁሉ ጊዜ የቀን ሥራው ጠመቃ ነበር።

ስለ ቡድኖች አወቃቀር የሰጠው ትምህርት ጎልቶ የወጣው በ1931 ነው። ከአንድ ዓመት በፊት በስኮትላንድ ላናርክሻየር በ67 ትምህርት ቤቶች በ20,000 ሕፃናት ላይ ትልቅ ጥናት ተካሂዶ ነበር። 10,000ዎቹ ለአራት ወራት በየቀኑ ወተት ሲጠጡ፣ የቀሩት 10,000 ለንጽጽር ያለ ወተት ተለኩ። ወተት የጠጡት በክብደትም በቁመትም የበለጠ ማደጋቸው ተዘገበ። የናሙናው ብዛት ማንንም ጸጥ የሚያሰኝ ነበር፤ ጎሴት ግን ከቁጥሩ በስተጀርባ ያለውን አሠራር መረመረ። ሕፃናቱ በዕጣ ወይም በስም ፊደል ተራ ከተመደቡ በኋላ፣ ምድቡ ያልተመጣጠነ ለመሰላቸው መምህራን ልጆችን የመለዋወጥ ፈቃድ ተሰጥቷቸው ነበር። ጎሴት እንደገመተው፣ መምህራኑ ሳያስቡት ለድኾቹና ለከሱት ልጆች አዝነው ወተቱን ወደ እነርሱ አዘነበሉ። ለዚህም ይመስላል ገና ከመነሻው ያለ ወተት የተመደቡት በክብደት የሦስት ወር፣ በቁመት የአራት ወር ዕድገት ያህል ይበልጡ የነበረው። በተጨማሪም ልጆቹ በፌብሩዋሪ ብርድና በጁን ሙቀት የተመዘኑት ከነልብሳቸው ነው፤ የተሻለ ኑሮ ያላቸው ልጆች ከባድ የክረምት ልብሳቸውን ሲቀይሩ ክብደታቸው ይቀንሳል፤ ቅያሪ የሌለው ድኻ ልጅ ግን ልብሱ ያው ነው። በአማካዩ ውስጥ የልብስ ክብደት ገብቶ ነበር ማለት ነው።

ጎሴት ወተት አይጠቅምም አላለም፤ የጥቅሙ መጠን በዚህ ንጽጽር ሊታወቅ አይችልም ነው ያለው። ጉዳዩ የሕፃናትን ምግብና የመንግሥትን ወጪ የሚመለከት በመሆኑ ስሕተቱ ቀላል አልነበረም። በምትኩ ያቀረበው ሐሳብ ተመሳሳይ መንትዮችን መጠቀም ነበር፤ ለአንደኛው ወተት ሰጥቶ ሌላውን ለንጽጽር ማቆየት። በእርሱ ስሌት፣ በጥንቃቄ የተመረጡ 50 ጥንድ መንትዮች ከ20,000ዎቹ ሕፃናት የበለጠ አስተማማኝ መልስ ይሰጡ ነበር። በእንቅልፍ መድኃኒቱ ምሳሌ የታየው ሐሳብ እዚህም ተመልሶ መጥቷል።

ጎሴት በ1935 በለንደን የተቋቋመውን አዲሱን የጊነስ ፋብሪካ ለመምራት ወደ እንግሊዝ ተመለሰ፤ ኦክቶበር 16 ቀን 1937 በ61 ዓመቱ ዐረፈ። የፈተና ውጤት የሚያነጻጽር የድኅረ ምረቃ ተማሪ ከእርሱ የሚወርሰው ግልጽ ነው። በሠንጠረዡ ላይ ከአማካዩ ጎን መደበኛ ልይይቱንና የተፈታኞቹን ቁጥር ያስፍር፤ ከሠንጠረዡ በፊት ደግሞ የትኛው ተማሪ በማን ውሳኔ ወደ የትኛው ክፍል እንደገባ፣ ትምህርቱ ከመጀመሩ በፊትም ሁለቱ ክፍሎች ምን ያህል ይለያዩ እንደነበር ይጻፍ። ይህ ከሌለ፣ ከፍ ብሎ የታየው አማካይ የማስተማሪያ ዘዴው ፍሬ ይሁን የምደባው፣ አንባቢው የሚያውቅበት መንገድ የለውም።