ዶክቶር አልበርት ኩንስና የተደበቀው በሽታ

ስለ ታላላቅ ሰዎች ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚነሡት ነገሥታትና የጦር አለቆች ናቸው። እኔ ግን በዚህ ዓመት ለመጽሔታችን አንባቢዎች ላስተዋውቃቸው የመረጥኋቸው ሰው፣ በጨለማ ክፍል ተቀምጠው በማይክሮስኮፕ የተደበቀውን ሲፈልጉ የኖሩ ሐኪም ናቸው። እኚህም ሰው በሕክምና ሊቃውንት ዘንድ ስማቸው የታወቀው ዶክቶር አልበርት ኩንስ ናቸው። ከዚህ በታች የምጠቅሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ዶክቶር ኩንስ በ1912 በአሜሪካ፣ በኒው ዮርክ ግዛት፣ ግለቨርስቪል በምትባል ከተማ ተወለዱ። በ1933 ከዊልያምስ ኮሌጅ፣ በ1937 ደግሞ ከሃርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤት ተመርቀው በቦስተን ከተማ በሐኪምነት መሥራት ጀመሩ።

በ1939፣ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከመነሣቱ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ለዕረፍት ወደ በርሊን ሄደው ሳሉ አንድ ሐሳብ ያዛቸው። ከጉሮሮ ሕመም በኋላ የሚመጣና ልብን የሚጎዳ ሩማቲክ ፊቨር የሚባል በሽታ አለ። ጉሮሮውን ካሳመመው ባክቴሪያ የመጣ ነገር በተጎዳው የልብ ሥጋ ውስጥ መኖር አለመኖሩን ለማወቅ ፈለጉ። ነገር ግን ይህን በዓይን የሚያሳይ ዘዴ አልነበረም።

ዘዴውን የፈለጉት ከሰውነት ከራሱ ነው። ሰውነት ባክቴሪያ ሲገባበት አንቲቦዲ የሚባል መከላከያ ይሠራል። ቁልፍ የራሱን ጓጉንቸር እንጂ የሌላውን እንደማይከፍት፣ አንቲቦዲም የሚይዘው የተሠራበትን ጠላት ነው። እንግዲህ በአንቲቦዲው ላይ የሚያበራ ቀለም ቢያያዝበት፣ ጠላት የተደበቀበትን ስፍራ ያሳያል ማለት ነው። ተራ ቀለም ማያያዝ ከእሳቸው በፊት ተሞክሮ ነበር፤ ቀለሙ ግን ደካማ ስለ ነበረ በማይክሮስኮፕ ሊታይ አልቻለም።

ዶክቶር ኩንስ ኬሚስት አልነበሩም። ስለዚህ በሃርቫርድ የነበሩትን ኬሚስቶች ርዳታ ጠየቁ፤ ከእነርሱም ከክሪችና ከጆንስ ጋር ሆነው የመጀመሪያውን ውጤት በ1941 አሳተሙ። ያን ጊዜ የተጠቀሙበት ቀለም ሰማያዊ የሚያበራ ነበር። ነገር ግን የሰውነት ሥጋ ራሱ በአልትራቫዮሌት ጨረር ሲታይ ሰማያዊ ስለሚያበራ፣ አንዱን ከሌላው መለየት አስቸገረ። በዚህ ምክንያት አረንጓዴ ወደሚያበራው ወደ ፍሎረሲን ዞሩ። ይህን ቀለም ለማዘጋጀት ፎስጂን ያስፈልግ ነበር፤ ፎስጂን ማለት በአንደኛው የዓለም ጦርነት ብዙ ወታደሮችን የፈጀ የመርዝ ጋዝ ነው። እንዲህ ባለ አደገኛ ሥራ በ1942 ከሳንባ ምች ባክቴሪያ የመጣውን ነገር በአይጥ ሥጋ ውስጥ በአረንጓዴ ብርሃን አሳዩ።

ወዲያውም ለጦርነቱ ወደ ሠራዊቱ ገቡና ሥራው ተቋረጠ። ከጦርነቱ በኋላ ወደ ሃርቫርድ ተመልሰው በ1950 ከካፕላን ጋር ዘዴውን አሻሻሉት። በ1958 ሪግስና ባልደረቦቹ በደረቅ ዱቄት ሊቀመጥ የሚችል ቀለም ስላወጡ፣ ሥራው ለብዙዎች ቀለለ። ዶክቶር ኩንስ በ1959 የላስከርን ሽልማት ተቀበሉ፤ በ1978 በ66 ዓመታቸው ዐረፉ።

እኔን ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ ግን ይህ ጥበብ እስከ ዓሣ እርባታ መድረሱ ነው። ሳልመንና ትራውት የሚባሉትን ዓሦች የሚያጠቃ፣ ከባክቴሪያ የሚመጣ የኩላሊት በሽታ አለ። ባክቴሪያውን በላቦራቶሪ አሳድጎ ለማየት ሳምንታት ይፈጃል። እናቲቱ ዓሣ ጤነኛ መስላ በሽታውን በእንቁላሏ ውስጥ ልታስተላልፍ ትችላለች፤ ባክቴሪያው ከውስጥ ስለሆነ እንቁላሉን ከውጭ በመድኃኒት ማጠብ አያድነውም። አርቢው የደከመበት ሁሉ ከንቱ የሚሆነው እንዲህ ሳያውቀው ነው።

በ1975 ቡሎክና ስታኪ የተባሉ አሜሪካውያን ይህን በሽታ በሚያበራ አንቲቦዲ መለየት እንደሚቻል ጻፉ። አሠራሩም እንዲህ ነው፤ ከዓሣው ኩላሊት ጥቂት ተወስዶ በመስተዋት ላይ ይቀባና ይደርቃል። ከዚያ አንቲቦዲው ይጨመርበታል፤ ጥቂት ቆይቶም ይታጠባል። ባክቴሪያውን ያልያዘው አንቲቦዲ ከውሃው ጋር ሲሄድ፣ የያዘው ይቀራል። በጨለማ ክፍል በማይክሮስኮፕ ሲታይ አረንጓዴ ነጥቦች ካበሩ የዚያች ዓሣ እንቁላል ይጣላል። መልሱም በሳምንታት ፈንታ በጥቂት ሰዓት ይገኛል። ሆኖም የሞተውም ባክቴሪያ እንደ ሕያው ያበራል፤ በጣም ጥቂት ከሆነም ሊያመልጥ ይችላል። ስለዚህ አስተዋይ መርማሪ በሌላ ምርመራ ያረጋግጣል።

ጓደኞቼ ሆይ፤ ሐኪሙ የተነሡት ስለ ሰው ልብ በማሰብ ነበር፤ የሠሩት መሣሪያ ግን የዓሣ አርቢውን ድካም የሚጠብቅ ሆነ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው፣ ብቻቸውን ሊሸከሙት ያልቻሉትን ከኬሚስቶች ጋር ተካፍለው ተሸከሙት። እኛም የምንማረው ትምህርት በየክፍሉ የተለያየ ቢመስለን፣ ባዮሎጂ የጠየቀችውን ኬሚስትሪ ልትመልሰው እንደምትችል ከእኚህ ሰው ሕይወት እንረዳለን።