ሔልምሆልትዝና የዓይን ውስጥ ብርሃን

ሔርማን ፎን ሔልምሆልትዝ በ1821 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በፕሩሲያዋ ከተማ በፖትስዳም ከመምህር ቤተሰብ ተወለደ። ልቡ ያዘነበለው ወደ ፊዚክስ ነበር፤ ሆኖም አባቱ ለዚያ ትምህርት የሚከፍለው ገንዘብ ስላልነበረው፣ በጦር ሠራዊት ሐኪምነት ለማገልገል ግዴታ ገብቶ በርሊን ውስጥ በመንግሥት ወጪ ሕክምና ተማረ። በ1847 ስለ ኃይል አለመጥፋት ያቀረበው ጥናት ስሙን ሲያስጠራ ገና የወታደር ሐኪም ነበር።

በዚያ ዘመን ሕያው ዓይን ለሐኪም የተዘጋ ቤት ነበር። የዓይን ሞራ የተገፈፈለት ሰው ቁስሉ ከዳነ በኋላ ዓይነ ብርሃኑን ቢያጣ፣ ሬቲናው ተላቆ ይሁን ወይም የማየት ነርቡ ተጎድቶ ይሁን ለይቶ የሚነግረው አልነበረም። ብረት ዓይኑን የመታው ሠራተኛም ዕጣው ይኸው ነበር። ሐኪሙ በብሌኑ በኩል ሲመለከት የሚያየው ጥቁረት ብቻ ነው።

በ1849 የኮኒግስበርግ ፕሮፌሰር የሆነው ሔልምሆልትዝ፣ በ1850 መጨረሻ ለተማሪዎቹ ትምህርት ሲያዘጋጅ የዚህን ጥቁረት ምክንያት መረመረ። ወደ ዓይን የገባ ብርሃን የሚወጣው በመጣበት መንገድ ወደ መብራቱ ነው፤ ተመልካቹ በዚያ መንገድ ላይ ቢቆም ራሱ መብራቱን ይጋርዳል። ስለዚህ መብራቱን ወደ ጎን አድርጎ ስስ ጠፍጣፋ ብርጭቆዎችን አጋድሞ አቆመ። ብርጭቆዎቹ ከብርሃኑ ከፊሉን ወደ ታማሚው ዓይን ይመልሳሉ፤ ከዓይኑ ከሚወጣውም ከፊሉን ለተመልካቹ ያሳልፋሉ። ጎድጓዳ ሌንስ ምስሉን አጠራው። ከካርቶን፣ ከሙጫ፣ ከመነጽር ሌንስና ከማይክሮስኮፕ ብርጭቆ በተሠራ በዚህ መሣሪያ ሕያው ሬቲናን ከነደም ሥሮቹ አየ።

እንግሊዛዊው ቻርልስ ባቤጅ በ1847 ተመሳሳይ መሣሪያ ሠርቶ ለአንድ የዓይን ሐኪም አሳይቶ ነበር፤ ሐኪሙ ግን ብዙም ስላልገመተው ነገሩ ተረሳ። ሔልምሆልትዝ አሠራሩን ከነስሌቱ በ1851 አሳተመ፤ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። መሣሪያ ሠሪው ሬኮስም ሌንሶቹን በሚሽከረከር ክብ ላይ ደርድሮ አሻሻለው።

በርሊን ላይ አልብሬክት ፎን ግሬፌ ኦፍታልሞስኮፑን ወዲያውኑ ለሕክምና አዋለው። ይሁንና በግላኮማ የጎደጎደውን የነርብ ጫፍ በመጀመሪያ ያበጠ መስሎት ነበር፤ ኋላ ግን አረመው። በአዲሱ መሣሪያ ማየትም ልምምድ ይፈልግ ነበር ማለት ነው። ዓይን ውስጥ ደም ከፈሰሰ ደግሞ ኦፍታልሞስኮፕ ዘልቆ አያይም፤ ዛሬ ለዚህ አልትራሳውንድ ያገለግላል።

ሔልምሆልትዝ በ1871 በርሊን የፊዚክስ ፕሮፌሰር፣ በ1888 ደግሞ የጀርመን ንጉሠ ነገሥታዊ የፊዚክስና ቴክኒክ ተቋም የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሆነ። በ1893 ከአሜሪካ ሲመለስ መርከብ ላይ ከደረጃ ወድቆ ራሱን ተጎዳ፤ በሚቀጥለው ዓመት ሴፕቴምበር 8 ቀን ዐረፈ።