ያለ ቃል የተናገረው ፍራንስ ማሴሬል

መጽሐፍ ሲባል እኛ ተማሪዎች ወዲያው የምናስበው ፊደልን ነው። ከአርእስቱ በቀር አንዲት ቃል የሌለበት ልብ ወለድ አለ ቢሉን ቀልድ ይመስለናል። ቤልጅጋዊው ሠዓሊ ፍራንስ ማሴሬል ግን እንዲህ ያሉትን መጻሕፍት ሠርቶ አስነብቧል። የሕይወቱን ታሪክ ባጭሩ እናቀርባለን፤ ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ማሴሬል በ1889 በቤልጅግ የባሕር ጠረፍ ተወለደ፤ ያደገውና ሥዕል የተማረው በጌንት ከተማ ነው። በ1911 ፓሪስ ገባ። በ1914 ታላቁ ጦርነት ሲነሣ እርሱ የጦርነት ተቃዋሚ ነበርና መሣሪያ አላነሣም፤ ወደ ስዊስ ተሻግሮ በዤኔቭ ለቀይ መስቀል በአስተርጓሚነት አገለገለ። ከደራሲው ከሮማን ሮላንም ጋር ተወዳጀ። «ላ ፌይ» በተባለው ጋዜጣ ላይ ጦርነትን የሚያወግዙ ሥዕሎችን በየዕለቱ ለማለት በሚያስደፍር ብዛት አወጣ። ዋጋውንም ከፈለ፤ ለዘመቻ አልቀረበም ተብሎ ለብዙ ዓመታት አገሩ መግባት አልቻለም።

ቃል የሌላቸው ልብ ወለዶቹ የተወለዱት በዚህ ስደት ነው። አሠራሩ ቀላል ይመስላል፤ በጣውላ ላይ ነጭ እንዲሆን የተፈለገው ቦታ ይፈለፈላል፤ ጎልቶ የቀረው ቀለም ተቀብቶ ወረቀት ላይ ይታተማል። ግራጫ የለም፤ ጥቁርና ነጭ ብቻ። በ1918 በ25 ሥዕሎች ድኻ ሆኖ ተወልዶ፣ ሠራተኛ ሆኖ፣ አምፆ በጥይት የተገደለ ሰው ታሪክ ተረከ። በ1919 «የእኔ መጽሐፈ ሰዓታት» በ167 ሥዕሎች፣ በ1925 ደግሞ «ከተማ» በ100 ሥዕሎች ወጡ።

በጀርመን አገር አሳታሚው ኩርት ቮልፍ እነዚህን መጻሕፍት በርካሽ ዋጋ አሠራጫቸው፤ ለ«መጽሐፈ ሰዓታት» መቅድም የጻፈለት ቶማስ ማን ነው። ሊንድ ዋርድ የሚባል አሜሪካዊ በላይፕዚግ ተማሪ ሳለ ከማሴሬል መጻሕፍት አንዱን አገኘ፤ አገሩ ተመልሶም በ1929 የራሱን ቃል አልባ ልብ ወለድ በጠንካራ እንጨት ላይ ቀርጾ አሳተመ። አንድ ተማሪ በእጁ የገባ አንድ መጽሐፍ ምን ሊያደርገው እንደሚችል ከዚህ እንማራለን።

ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ የማሴሬልን ሥራ አገዱ። በ1940 ፓሪስ ስትያዝ ወደ ደቡብ ፈረንሳይ ሸሸ። ከጦርነቱ በኋላ በዛርብሩክን አስተማረ፤ ቀጥሎም በኒስ ተቀመጠ። በ1972 አቪኞን ላይ ሞተ፤ የተቀበረው ግን ባደገባት በጌንት ነው።

ዛሬ ሰብሳቢዎች የመጀመሪያዎቹን እትሞች ፈልገው በውድ ይገዛሉ፤ አንዳንዱም በመስተዋት ሣጥን ይቆልፋቸዋል። እኛ ግን መጽሐፍ ለመሰብሰብ ብንነሣ፣ ሽፋኑ የተቀደደውን፣ ብዙ ጣት ያሻሸውን ርካሹን እትም እንመርጣለን። ማሴሬል ለመግደል እንቢ ብሎ አገሩን ሲያጣ ያተረፈው፣ ያገሩ ሰውም ባዕዱም፣ የተማረውም ያልተማረውም የሚያነበውን ቋንቋ ነበር። የተቆለፈ መጽሐፍ ደግሞ ቃል ቢኖረውም ባይኖረውም አይናገርም።