ልብና ሆድ በቀኝጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ሕይወት

ቀኝጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ የተወለዱት በጎጃም፥ የቅኔ መምህራን በማይታጡበት በደብረ ኤልያስ ነው። በዚያም ከልጅነታቸው ጀምሮ የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት ተከታትለው ቅኔን ዐወቁ፤ በሰም ውስጥ ወርቅ መሠወርንም ተካኑ። ኋላም ወደ አዲስ አበባ መጥተው በቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት አስተማሩ፤ ትምህርት ቤቱንም በዲሬክተርነት መሩ። የቅኔውን ጥበብ ከደብሩ ወደ ትያትር መድረክ ካሻገሩት ቀዳሚ ሰዎች አንዱ እርሳቸው ናቸው።

ከድርሰቶቻቸው መካከል አንዱ «የሆድ አምላኩ ቅጣት» ይባላል። ርእሱ ለአማርኛ ተናጋሪ ባዕድ አይደለም። የሀገራችን ሰው የመንግሥትን ነገር በሰውነት ክፍል መስሎ መናገርን ያውቃልና፤ ታማኙን ልበ ቀና ይለዋል፤ ጫካ ሳይገባ በሐሳቡ የከዳውን ልቡ ሸፈተ ይለዋል፤ ለጥቅሙ ሲል ለጠላት ያደረውን ደግሞ ሆድ አደር ብሎ ይነቅፈዋል። እንዲህ ያለው ምሳሌ በሩቅ አገርም አለ። እንግሊዛዊው ባለቅኔ አሌክሳንደር ፖፕ በ1733 እና በ1734 እ.ኤ.አ. ባወጣው ስለ ሰው ልጅ በጻፈው ግጥሙ፥ አእምሮን ባለሟሏ በሚያዝዛት ደካማ ንግሥት መስሏል፤ ባለሟሉም በልብ ውስጥ የሠለጠነው ስሜት ነው። ፖፕ ቤተ መንግሥቱን ወደ ሰው ልብ አስገባ፤ አማርኛችን ግን ልብንና ሆድን ወደ አደባባይ አወጣ።

በ1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣልያ ጦር አዲስ አበባን በያዘ ጊዜ ምሳሌው ፈተና ሆነ። ከወራሪው ዘንድ እንጀራና ሹመት ነበረ፤ ከስደት ዘንድ ችግርና ናፍቆት ብቻ ነበረ። ቀኝጌታ ዮፍታሔ ስደትን መረጡ፤ የጎጃምን አፈር ተሸክሞ የሚወርደው ዓባይ ከነጭ ዓባይ ጋር በሚገናኝባት በካርቱም ተቀመጡ። ተማሪዎቻቸውና መድረካቸው ከኋላ ቀሩ፤ ብዕራቸው ግን አብሯቸው ተሰደደ። «አፋጀሽኝ» የተባለው ትያትራቸው የዚያ የመከራ ዘመን ፍሬ ነው። ርእሱ ብቻውን ለሴት የሚቀርብ አቤቱታ ነው፤ የልብ ወዳጅ ከወዳጁ ጋር የሚሟገትበት ቃል የሀገር ጉዳይ መናገሪያ ሆነ።

ንጉሠ ነገሥቱ በ1932 ዓ.ም. ማብቂያ ግድም ካርቱም ገብተው፥ በጥር ወር 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል ወደ ሀገራቸው ተመለሱ። ከነጻነት በኋላ ቀኝጌታ ዮፍታሔ በሕግ መምሪያ ምክር ቤት በምክትል ፕሬዚዳንትነት አገለገሉ። በ1939 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

የእኚህ ሰው ሕይወት ለመምህራን የሚተወው ትምህርት ግልጽ ነው። ልበ ቀናነትን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፎ ማስገልበጥ ቀላል ነው፤ ዋጋው የሚታወቀው ግን መምህሩ ራሱ ከልብና ከሆድ አንዱን እንዲመርጥ በተገደደበት ቀን ነው። ቀኝጌታ ዮፍታሔ በመድረክ ያስተማሩትን በካርቱም ኖረው አሳዩ።