የቅድስት በርናዴታ ዜና ሕይወት

ቅድስት በርናዴታ ሱቢሩ በ1844 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ አቈጣጠር ነው) በፈረንሳይ አገር በሉርድ ከአንድ ባለወፍጮ ተወለደች። አባቷ ወፍጮውን ለቆ ስለ ደኸየ፥ ቤተ ሰቡ ሁሉ ቀድሞ ወኅኒ በነበረ አንድ ክፍል ይኖር ነበር። እርሷም ሕመም የጸናባት፥ ማንበብና መጻፍ የማታውቅ ብላቴና ነበረች።

በ1858 ዓ.ም. ፌብሩዋሪ 11 ቀን እንጨት ልትለቅም ወጥታ ሳለች፥ እመቤታችን ድንግል ማርያም በማሳቢዬል ዋሻ ተገለጠችላት፤ እስከ ጁላይ 16 ቀንም 18 ጊዜ አየቻት። እመቤታችንም ስለ ኃጥኣን እንድትጸልይ አዘዘቻት፥ ምንጭም አሳየቻት።

የፖሊስ ሹም ጠርቶ ቢያስፈራራት ቃሏን አልለወጠችም፤ ገንዘብ ቢሰጧትም አልተቀበለችም። ቆሞሱ አባ ፔራማል የተገለጠችላትን ስም ጠይቂ ባሏት ጊዜ፥ ያለ አዳም ኃጢአት መፀነስን የሚያመለክተውን ስም ማርች 25 ቀን ሰምታ፥ ትርጓሜውን ሳታውቅ በመንገድ እየደጋገመች ሄዳ ነገረቻቸው። ይህንም የሃይማኖት ትምህርት ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 9ኛ በ1854 ዓ.ም. ዐውጀውት ነበር።

በ1866 ዓ.ም. ወደ ኔቬር ገዳም ገብታ ሕሙማንን አገለገለች፤ ሉርድንም ዳግመኛ አላየችም። ብዙ ታማ በ1879 ዓ.ም. በ35 ዓመቷ ዐረፈች፤ ፒዮስ 11ኛም በ1933 ዓ.ም. ቅድስናዋን ዐወጁ።

ምእመናን ሆይ፥ እመቤታችን ክብሯን ሁሉ ወደ ልጇ እንደ መለሰች፥ በርናዴታም የሰው ምስጋና ሸሽታ በትሕትና ተሰወረች። እኛም መቁጠሪያችንን ስንይዝ፥ በከንፈር ብቻ ሳይሆን በመታዘዝ እናክብራት። አማላጅነቷ ከሁላችን ጋር ይሁን፤ አሜን።